የሐሙሱ «እሺ»

ሰው ፊት ቆሜ «አይሆንም» ማለት የማልችል ሴት ነበርኩ። አሁን ይህን ስጽፍ የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቃሉ፤ ምክንያቱም ዛሬ በደብራችን ስሜ «አስቴር አይሆንም» ነው። ለክርስትና አዳራሽ የሚጠይቀኝም፣ ወንበር ልዋስ የሚለኝም ገና ከሩቅ ሲያየኝ «በይ እንግዲህ አይሆንምሽን ንገሪኝ» ይለኛል። ስሙን ያወጡልኝ ለቀልድ ነው። እኔ ግን የመጣበትን ቀን ስለማውቀው አብሬያቸው አልስቅም። እናንተም ከምን እንደመጣ ስሙልኝና ፍረዱኝ።

ያኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምኖረው እዚህ በሰው አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት በሚበዛ ሕንፃ ላይ ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ በመሀል ያለችኝን አራትና አምስት ሰዓት ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ። የሕንፃ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ሲባል ወረቀት የምጽፍ እንዳይመስላችሁ፤ ቁልፍ ያዥ፣ ስልክ መላሽ፣ በር ከፋች፣ ሁሉን ቻይ ማለት ነው። እናቴ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔም ለሁሉም እሺ እላለሁ፤ ሰውም ይወደኛል። የማይሆነውን ነገር ደግሞ ዝም እለዋለሁ፤ ሲዘገይ ራሱ ይገባቸዋል። እንዲህ አድርጌ ስንት ዓመት በሰላም ኖሬያለሁ።

ደብራችን ለብዙ ዓመታት በሰው አዳራሽ በኪራይ ሲንከራተት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ኤግሊንተን ዌስት ከሚባለው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ የቆየ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ገዛ። የቀድሞዎቹ ምዕመናን አንድ በአንድ አልቀው ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ስለቀሩ ነበር የሸጡልን። መንገዱ ለከተማ ባቡር መሥመር እንደተቆፈረ ዓመታት ያስቆጠረበት ጊዜ ስለሆነ፣ እዚያ ለመድረስ በብርቱካንማ አጥር መሀል እንደ ፍየል መዝለል ነበረብን። ቢሆንም የራሳችን ሆነ። የላይኛው አዳራሽ እስኪታደስ ምድር ቤቱ ውስጥ መቀደስ ጀመርን።

አንድ ችግር ነበር፤ ኦርጋኑ።

ኦርጋን ሲባል እኔ የማውቀው ሠርግ ቤት በአንድ ሰው ብብት ገብቶ የሚመጣውን ነው። ይኼኛው ግን ቤት ነው። የምሥራቁን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ቧንቧው በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ የመብራት ምሰሶ የሚያህል አለ፣ ከእርሳስ የማትበልጥም አለች። ከፊቱ ለእጅ ሦስት ረድፍ ቁልፍ፣ ከሥር ለእግር ደግሞ በእንጨት የተሠራ ትልልቅ ቁልፍ ተደርድሮለታል። ምድር ቤት ያለ ሞተር ወናፉን ይነፋል፤ ነፋሱ በወለሉ ቀዳዳ ወጥቶ ቧንቧዎቹ ውስጥ ሲገባ ነው ድምፅ የሚሆነው። ለእኛ ሥርዓት አያገለግልም። እሱ ብቻ ቢሆን በተውነው ነበር፤ ግን መቅደስ በምሥራቅ ነው የሚሠራው፣ ምሥራቁን ደግሞ እሱ ይዞታል። የሚወስደው ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ ራሴ ስንት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁሉም «እኛም አለን፤ የሚጫወተው ነው የጠፋው» አሉኝ። ስለዚህ ቅዳሜ እንዲነቀል ተወሰነ። አሥራ ሁለት ሰዎች ከሥራቸው ፈቃድ ወሰዱ፣ የጭነት መኪናም ተከራየን።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ብቻዬን ላይኛው አዳራሽ ውስጥ ለምንጣፍ ወለል እየለካሁ ነበር። የበሩ መንቋቋት ተሰማኝ። ዞር ስል ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ፣ ባለ ጎማ መደገፊያ የሚገፉ ፈረንጅ ሴትዮ ቆመዋል። ሰማንያን የዘለሉ ናቸው። የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኳቸው ስለነበር እንደዚያው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

«ይቅርታ፣ በሩ ክፍት ስለነበር ነው» አሉኝ። «ማሪየን እባላለሁ። እዚህ አርባ አንድ ዓመት ኦርጋን ተጫውቻለሁ።»

«እንኳን ደህና መጡ። አስቴር እባላለሁ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው ወደ ኦርጋኑ ሄዱ። እኔም ሜትሬን ይዤ ተከተልኳቸው። አንዱን ቁልፍ በጣታቸው ጫኑት፤ ሞተሩ ስላልበራ ድምፅ አልነበረውም። ጣታቸውን ሳያነሱ ማውራት ጀመሩ።

«እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ የስንቱን ቀብር ተጫውቻለሁ። የባለቤቴን ግን አልተጫወትኩም። ዋልተር የሞተው ባለፈው ክረምት ነው። ሚስት ከፊት ነው የምትቀመጠው አሉኝና ሌላ ሰው አመጡ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ቸኮለ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነበር። የከሰዓቱ ጉዞዬ ሊደርስ ነው።

«ዋልተር የሚወዳት አንዲት ዝግ ያለች ዜማ አለች። ልጁ ፈጠን አድርጎ ሄደባት። እኔ ከፊት ተቀምጬ በእግሬ ወለሉን እየመታሁ ቀስ በል፣ ቀስ በል እለዋለሁ፤ እሱ አይሰማኝ።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ተሸጠ። ማክሰኞ ደግሞ ልጄ እሷ ወዳለችበት፣ ሩቅ ሃሊፋክስ ልትወስደኝ ነው። ከዚያ አልመለስም። አንድ ጊዜ፣ በራሴ ፍጥነት ልጫወትለት ፈልጌ ነው የመጣሁት። እሑድ ጸሎታችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ትሰጡኛላችሁ? ዛሬ ጫማዬን አልያዝኩም።»

«የምን ጫማ?»

«የኦርጋን ጫማ። ሶሉ ስስ ነው። እግር የሚረግጠውን ማወቅ አለበት።»

እንግዲህ ልብ በሉ። እሑድ አሉኝ። ኦርጋኑ የሚነቀለው ቅዳሜ ነው። ይህን የማውቅ እኔ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩ እኔ፣ መኪናውን የተከራየሁ እኔ፤ ማሪየን ደግሞ እጃቸው ቁልፉ ላይ ነው። ፊታቸውን አየሁት። አይሆንም ብላቸው ያ ፊት ምን እንደሚሆን አሰብኩና ጨነቀኝ።

«እሺ» አልኩ። በእነሱ ቋንቋ «ሹር፣ ኖ ፕሮብለም» ነው ያልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በጣም።»

«ከሰዓት በኋላ በሦስት ሰዓት ይመቻል?»

«ይመቻል።»

እኛ ዘንድ እሺ ብዙ ዓይነት ነው። ሰምቻለሁ ማለት ይሆናል፤ ላሳዝንሽ አልፈልግም ማለት ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ እናያለን ማለት ይሆናል፤ አንዳንዴም አይሆንም ማለት ነው። ሰሚው ከድምፁና ከዓይኑ አይቶ የትኛው እሺ እንደሆነ ይለያል። ያገሬ ሰው ቢሆን ኖሮ የሐሙሱ እሺዬ ባዶ እንደሆነ በሩን ሳይወጣ ያውቅ ነበር። ማሪየን ግን ቃሌን ነው የሰሙት። ስልካቸውን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ የሞተሩ ማብሪያ ምድር ቤት ከደረጃው ሥር እንደሆነም ነገሩኝ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑኝ። እስኪወጡ በሩን ይዤ ቆምኩ። መደገፊያቸውን እየገፉ ሲሄዱ በልቤ «ኧረ ቶሎ በሉ» እላለሁ።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹን ካደረስኩ በኋላ አውቶቡሱን አቁሜ ጋሽ መኮንን ጋ ደወልኩ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል አድርገው የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው።

«እንደምን አደሩ ጋሽ መኮንን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ትራኩን ኮንፈርም አደረግሽ?»

«አዎ፣ አድርጌያለሁ። እኔ የምለው... ኦርጋኑ እስከ እሑድ ቢቆይ ምን ይመስልዎታል?»

«ለምን?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁማ ከሆነ ሰዉ ኦፍ ወስዷል፣ ትራኩም ቡክ ሆኗል። ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። ድካም ይሆናል።»

«በይ እረፊ። ነገ ጠዋት እንገናኝ።»

«እሺ።»

ይኸው፣ ሁለተኛዋ እሺ። አንዲት ሴትዮ ለባላቸው ሊጫወቱለት ይፈልጋሉ ብል ምን ነበረበት? ግን ይህን ካልኩ ሳልጠይቅ ቃል መግባቴን ልናገር ነው፤ ደግሞስ አሥራ ሁለት ሰው በእኔ የተነሳ ቢቀየመኝስ? ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ተመለስኩ።

ቢያንስ ለሴትዮዋ እነግራለሁ አልኩና ወረቀቱን አወጣሁ። እዚያው መሪዬን ይዤ ደወልኩ። ልክ እንዳነሱት «አስቴር ነኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ» አልኳቸው።

«ጫማዬን ስወለውል ነው ያገኘሽኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ሐሙስ ከሰማሁት በዓሥር ዓመት ወጣት ሆኗል። «ከትናንት ጀምሮ ኪችን ጠረጴዛዬ ሥር በእግሬ እየተለማመድኩ ነው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ምን ነክቶሽ ነው ብላ መጣች። እግሬ አልረሳም፣ ታምኛለሽ? ምን ፈልገሽ ነበር የኔ ልጅ?»

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ልነግራቸው ነበር።

«ምንም አይደል። እሑድ በሦስት ሰዓት መሆኑን ኮንፈርም ላደርግ ነው» አልኩ።

«አልቀርም። እግዚአብሔር ይባርክሽ።»

ስልኩን ዘግቼ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ሰው ሲመርቀኝ እንደዚያ ቀን አቃጥሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ሰዎቹ መሰላልና መፍቻቸውን ይዘው በጠዋት መጡ። ጋሽ መኮንን ለሥራ ክብር ያላቸው ሰው ስለሆኑ ብርድ ልብስ አንጥፈው ቧንቧዎቹን በየቁመታቸው አስደረደሩ። ከሚሠሩት ልጆች አንዱ ትንሿን ቧንቧ አንስቶ በአፉ ነፋት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቀጥሎ ሌላ አንስቶ ነፋ፣ ሌላ ድምፅ ሆነ። ከዚያ የእንጨቱን ሥራ በመጋዝ መቁረጥ ስለጀመሩ የሚሰማ ነገር ጠፋ። እኔ ሻይና ሳንዱች እያዞርኩ በየደቂቃው «ሴትዮዋ አርጅተዋል፣ ሊረሱት ይችላሉ» እላለሁ። «ዝናብ ይመጣል፤ በዝናብ በዚህ በተቆፈረ መንገድ አይመጡም» እላለሁ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ቧንቧ ተጫነና መኪናው ብረት ወደሚያቀልጡት ሄደ።

የቀረው ሦስት ነገር ነበር። ምድር ቤት ያለውን ሞተር ሰኞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ይነቅለዋል ተባለ። ነፋሱ የሚወጣበት ክብ ቀዳዳ ወለሉ ላይ ክፍቱን ቀረ። የተጫዋቹ ረጅም ወንበር ደግሞ ጥሩ እንጨት ነው ተብሎ ተተወ፤ ሰው ቀዳዳው ውስጥ እንዳይገባ ጎትቼ አጠገቡ አቆምኩት። ግድግዳው ኦርጋኑ በነበረበት ልክ ነጭ ሆኖ ቀረ።

እሑድ ዝናብ አልዘነበም። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ምዕመኑ ምድር ቤት ጸበል ጸዲቅ እየቀመሰ ሲጨዋወት እኔ ከሰዓቱ ጋር ስተያይ ቆየሁ። አስቀድሜ ውጭ ወጥቼ በር ላይ ልቀበላቸው፣ ሳያዩት ልነግራቸው ነበር ያሰብኩት። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተነሳሁ። አንዲት እናት ያዘችኝ፤ የልጇ ክርስትና ቀን አልመች ብሏታል። «ቆይ፣ መጣሁ» ማለት አቃተኝ። ቆሜ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማኋት። ስትጨርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ደረጃውን በሩጫ ስወጣ የላይኛው አዳራሽ በር ተከፍቷል።

ማሪየን በመሀል መተላለፊያው ግማሽ ላይ ቆመዋል። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፣ ከንፈራቸውን ቀለም ነክተውታል። መደገፊያቸው ላይ የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ነጩን ግድግዳ ነው የሚያዩት። መድረሴን ቢያውቁም አልዞሩም።

«የት ሄደ?» አሉ።

«ተነቀለ። በጣም አዝናለሁ። ድንገት ሆነ፤ ሰዎቹ ሳይታሰብ መጡ» አልኩ። ውሸቱ አፌ ላይ ቀሎ ነው የወጣው።

አሁን ዞሩ። «መቼ አወቅሽ?»

ሌላ ውሸት ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ዓይናቸው ቁጣ የለበትም። የሚጠይቁትን ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

«ሐሙስ» አልኩ። «ሐሙስ ሲመጡ አውቅ ነበር።»

«ሐሙስ» አሉ። ወደ ግድግዳው ተመለከቱ። «ሐሙስ እኮ እዚህ ነበርኩ። እጄ ላዩ ላይ ነበር። ብትነግሪኝ እዚያው ተቀምጬ እጫወት ነበር። ጫማ ባይኖረኝ እግር ነበረኝ።»

ወገኖቼ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። በማርያም፣ አንድም ጊዜ አልመጣልኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ፊታቸውና ስለ ራሴ ብቻ ነው። ያቺን «አይሆንም» ሐሙስ ብላት ኖሮ ማሪየን የመጡበትን ነገር አግኝተው ይሄዱ ነበር። የከለከላቸው ኮሚቴው አይደለም። መቅደሱም አይደለም። የእኔ እሺ ነው።

«ሞተሩስ አለ?» አሉኝ የወለሉን ቀዳዳ እያዩ።

«አለ።»

«አብሪልኝ።»

ምድር ቤት ወርጄ ከደረጃው ሥር ያለውን ማብሪያ ተጫንኩ። አጉረመረመና ተነሳ። ሰዉ ወሬውን አቁሞ «ምንድን ነው?» አለ። ተመልሼ ወጣሁ፤ ጥቂት ሰዎች ተከተሉኝ።

ማሪየን ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እየቀየሩ ነበር። ማሰሪያውን ቀስ አድርገው አሰሩ። ከወለሉ ቀዳዳ ነፋሱ አቧራና የእንጨት ብናኝ ይዞ ይወጣል፤ ድምፁ የትንፋሽ ብቻ ነው። ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉ። እጃቸውን ቁልፎቹ በነበሩበት ቁመት ዘረጉና ጀመሩ። እግራቸው ባዶው ወለል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ። አልቸኮሉም። ስስ ሶሉ እንጨቱን ሲነካ ይሰማል። ከኋላዬ ሰው እየበዛ መጣ። ሴቶቹ በነጭ ነጠላቸው በሩን ሞሉት። ማሪየን መጨረሻ ላይ እጃቸውን አንስተው አየር ላይ ትንሽ አቆዩትና ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«አጥፊው አሁን» አሉኝ።

ከመሄዴ በፊት ግን የደብራችን ካህን ቀሲስ ታደለ ክንዴን ያዙኝ። ቀሲስ እንግሊዝኛው ገና አልቀናቸውም። «ምንድን ነው ነገሩ? ምን ሆነው ነው እናታችን?» አሉኝ። ሕዝቡ እየሰማ ሁሉንም ነገርኩ። ሐሙስን፣ ዓርብን፣ ስልኩን። «እሺ አልኳቸው» ስል አንድም ሰው አልደነገጠም፤ ሁሉም ያውቀዋል እንዴት እንደሚባል።

ቀሲስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርማቸውን ሊያወጡ ነዋ የመጡት» አሉ።

ቃሉን ስሰማ የራሴ ለቅሶ ትዝ አለኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ ለቀብሩ አልደረስኩም። ቤቴ መጥተው፣ ሦስት ቀን ምንጣፌ ላይ አብረውኝ ተቀምጠው እርሜን ያወጡልኝ እነዚሁ በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ናቸው። እኛ ለለቅሶ ከዚህ እስከ ኦታዋ የምንነዳ ሰዎች ነን። ማሪየን ሐሙስ የነገሩኝ ይህንኑ ነበር፤ በራሳቸው ቋንቋ ስለሆነ ሰማሁት እንጂ አልገባኝም። ኦርጋን የመጫወት አምሮት መስሎኝ ነበር። እርም ነው ብዬ ባስብ ኖሮ ቅዳሜን በጥርሴም ቢሆን እገፋው ነበር።

ጋሽ መኮንን አጠገቤ መጡ። «ለዚህ ነበር እንዲሁ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«አንዲት ቃል ብትነግሪኝ እኮ ወደ ሰኞ እገፋው ነበር። ስንት ዓመት ሊፍት ውስጥ የተያዘ ሰው አውጥቻለሁ፤ አንዱም እንዲሁ ነው አላለኝም፤ አውጡኝ ብሎ ይጮኻል እንጂ።» ሄደው ሞተሩን ራሳቸው አጠፉት።

ፊት የቆሙት አንዲት እናት ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቀዘቁ፤ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አወጡት። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ማንም ማንንም አላዘዘም። ተሰልፈው አንድ በአንድ ወደ ወንበሩ ሄዱ። የማሪየንን እጅ እየያዙ፣ ዝቅ እያሉ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ይሏቸዋል።

ማሪየን እኔን ፈለጉ። «ምን ይላሉ?»

«እግዚአብሔር ያጥናዎት ይላሉ። ስለ ባለቤትዎ።»

«አሁን? ዋልተር እኮ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው።»

«እኛ ዘንድ ያልደረሰ ሰው በሰማ ጊዜ ይደርሳል።»

ይህን አሰቡበት። ከዚያ ቀጣይዋን ሴት እጅ ጨበጡ። እንባ አልወጣቸውም። አንዷን እንኳ ሳይዘሉ ሁሉንም ተቀበሉ። የሰልፉ መጨረሻ እኔ ነበርኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከፊታቸው ስቆም ያጥናዎት ማለቱን ተውኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

ረጋ ብለው አዩኝ። «ጥሩ ሰው መስለሽ መታየት ፈልገሽ ነው» አሉ። «እኔ ግን የፈለግኩት ቀኑን ማወቅ ነበር።»

የመንገድ ጫማቸውን አድርገው ተነሱ። ታክሲያቸው እስኪመጣ ሴቶቹ ከበዋቸው ቆዩ። በር ላይ ስሸኛቸው ዞር ብለው ነጩን ግድግዳ አንዴ አዩትና ሄዱ።

የኦርጋን ጫማቸው ወንበሩ ሥር ቀርቶ አገኘሁት። ጥቁር፣ ስስ፣ አፍንጫው የታጠፈ፣ የተወለወለ። ሰኞ ጠዋት ደወልኩ።

«ጫማዎን ረስተዋል። ሥራዬን እንደጨረስኩ ላምጣልዎት?»

«አልረሳሁትም» አሉኝ።

«ቢያስፈልግዎትስ? ሃሊፋክስ ኦርጋን አይጠፋም።»

«አያስፈልገኝም። አልፈልገውም።» ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «አየሽ አስቴር፣ እንዲህ ነው የሚባለው።»

ማክሰኞ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አልደወልኩላቸውም። ስለ ይቅርታ ብደውል ደግሜ የራሴን ፊት ላሳምር እንደሆነ አውቃለሁ።

እንግዲህ «አስቴር አይሆንም» የተወለደችው በዚያ ሳምንት ነው። የመጀመሪያዋን አይሆንም ያልኩት ለዚያች ስለ ክርስትና ቀን ለያዘችኝ እናት ነበር። «ያ ቅዳሜ አይሆንም፤ ተይዟል» አልኳት። ትቀየመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «ውይ፣ እንኳን ነገርሽኝ፤ ሌላ አዳራሽ ልፈልግ» ብላ ወዲያው ሄደች። ያን ያህል ነበር ነገሩ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ይኸን ነበር።

መቅደሳችን አሁን አልቋል። ያማረ ነው፤ ግድግዳው በሥዕል ተሞልቷል። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ነጭ ግን እኔ አየዋለሁ። የእናቴን ተረት አልካድኩም፤ እሺ አሁንም ከሺ ይበልጣል። እውነተኛ ከሆነ። አንባቢዎቼ፣ ከእናንተም መሀል አሁን በዚህ ደቂቃ የእናንተን ባዶ እሺ ይዞ ቤቱ ጫማውን እየወለወለ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። ሐሙስ ሳያልፍ ደውሉለት። ፊቱ ሲጠቁር እዩት፣ ቻሉት። እግር እያለው ንገሩት።

ጫማው ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ቁጥሩ የእኔ ቁጥር ሆኖ አረፈው። አንድም ቀን አላደረግኩትም፣ ለማንም አልሰጠሁትም። ማሪየን እርማቸውን ሳያወጡ ሄዱ። ይህን የጻፍኩት እኔስ የእኔን ባወጣ ብዬ ነበር። አልወጣልኝም።